የቅናትን ግማሽ መልሱልን

ይድረስ በወሎ ለምትገኙ የባህልና የቋንቋ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለአማርኛ መምህራን፣ ሥልጠና ለምትሰጡና ጽሑፍ ለምትተረጉሙ ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ? አዝመራው፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና? እኛ ዘንድ አልሐምዱሊላህም እንላለን፣ እግዚአብሔር ይመስገንም እንላለን። ሁለቱም ያንድ ቤት ምስጋና ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንድ ቃል ምክንያት ነው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ደሴ ለመምህራን በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ «ፓሽን» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ለሚወዱት ነገር ከልብ መቃጠል እንደማለት ነው። «ይሄ ነገር በአማርኛ ቃል የለውም» አለን። «ለምን? ባህላችን ውስጥ ስለሌለ።» አዳራሹ ዝም አለ። ብዙዎቻችን ደብተራችን ላይ ጻፍነው። እኔም ጻፍኩት። ከጎኔ የተቀመጠችው መምህርት ግን አልጻፈችም። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ «ታዲያ አባቴን ምን ይሉታል?» አለችኝ።

አባቷ ለመውሊድ ወደ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ መንደር፣ ወደ ጀማ ንጉሥ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ናቸው። መኪና አጥተው አይደለም። ልጆቻቸው ኮንትራት እንያዝልዎት ሲሏቸው እሺ አይሉም።

ያቺ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም። መልሷን ስፈልግ ያገኘሁትን ነው እነሆ የምላችሁ።

እስቲ ከራሱ ከፓሽን እንነሣ። ቃሉ የላቲን ነው። ሥሩ መታመም፣ መከራ መቀበል ማለት ነው። ፈረንጆች ቃሉን አስቀድመው የያዙት ለክርስቶስ መከራ ነበር። እኛ ሰሙነ ሕማማት የምንለውን ሳምንት እነሱም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ቆይቶ ነው ትርጉሙ ሰፍቶ ሰውን አንጀቱ ድረስ ለሚይዝ ፍቅር፣ ከዚያም ለሥራና ለሙያ ፍቅር የዋለው። እንግዲህ ፓሽን ሲፈታ ሕማም ነው ማለት ነው። ሕማምን ደግሞ ማን አስተምሮን እናውቀዋለን? ፒያሳ ወርዳችሁ ስለ አንድ ልጅ ጠይቁ። «ኳስ በሽታው ነው» ይሏችኋል። «ስፌት በሽታዋ ነው፣ እህል ውኃ አያሰኛትም» የምትባል ጎረቤት ሁላችንም አለችን። ላቲን በሄደበት መንገድ አማርኛም በራሱ እግር ሄዶበታል።

ሌላው የፈረንጆች ቃል ኢንቱዚያዝም ነው፤ ዛሬ የጋለ ፍላጎት ለማለት ይሉታል። ይህ የግሪክ ነው። «ኤን» ውስጥ ነው፤ «ቴዎስ» አምላክ ነው። አምላክ ያደረበት ሰው እንደማለት። ቴዎስ ለእኛ ባዳ አይደለም። ጢሞቴዎስ፣ ቴዎፍሎስ፣ ቴዎድሮስ እያልን ልጆቻችንን ስንጠራበት ኖረናል። ቴዎድሮስ ካልኩ አይቀር መቅደላን ሳላነሣ አላልፍም፤ የእኛው አገር ነውና። ጋፋት ላይ የተሠራው ሰባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ያ መድፍ ገደል ለገደል፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ አምባ ደርሷል። እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ንጉሡን እንውደዳቸው ወይም እንውቀሳቸው፣ ያንን ብረት እዚያ ያወጣው ነገር ባህላችን ውስጥ የለም ለማለት ግን ይከብዳል።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር ኢንቱዚያዝም ማለት ስድብ ነበር። «መንፈስ ያዘኝ» እያለ የሚጮህ አማኝ ነበር እንዲያ የሚባለው። ዛሬ ሥራ ፈላጊ ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው የክብር ቃል ሆኗል። ቃል ይወድቃል፣ ይነሣል። የሚያነሣው ሰው ካገኘ።

አሁን ወደ ወደቀው ቃላችን ልምጣ። ቅናት ነው።

ቅናት ስንል ዛሬ ፊታችን ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? የባልና የሚስት ጠብ፤ የጎረቤት ክፉ ዓይን። በቃ። የቃሉ አባት ግን ሌላም ልጅ ነበረው። በግእዝ «ቀንአ» ሁለቱንም ነው። በሌላው ንብረት መቃጠልንም፣ ለሚወዱት ነገር መቃጠልንም ይላል። ስሙ «ቅንአት» ነው፤ ሰውየው «ቀናኢ» ይባላል። ኤልያስ ዋሻ ውስጥ ሆኖ ለአምላኩ «እጅግ ቀንቻለሁ» ሲል ሚስት ጠብቆ አይደለም። «የቤትህ ቅናት ይበላኛል» የሚለውም ቃል የተነሣው ክርስቶስ ቤተ መቅደሱን ከነጋዴ ሲያጸዳ ነው። ይበላኛል! ከዚህ የበለጠ ፓሽን የት ይገኛል?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥም ሥሩ ያው ቀ፣ ነ፣ አ ነው፤ «ቂንአ» ይሉታል። እዚያም ቅናትም ነው፣ ትጋትም ነው። ዐረብኛ «ቀነአ» የሚል ቃል አለው፤ በደንብ ቀላ ማለት ነው። የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዳንዶቹ ሁለቱን ያያይዟቸዋል። ስሜት ሲበረታ ፊት ይቀላል፤ ቃሉ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም ይላሉ። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የመንዙማ መሪ ፊት ነው። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ግሪኮችም እንዲሁ ናቸው። «ዜሎስ» የሚሉት ቃል ሁለት ልጆች ወለደ። እንግሊዝኛ አንዱን «ዚል» ብሎ ለትጋት ያዘው። ሌላውን በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ተቀብሎ ለቅናት አደረገው። እነሱ ወንድማማቾቹን ለይተው ሁለቱንም አሳደጉ። ዐረብኛው «ገይራ» ደግሞ እስከ ዛሬ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸከማል። ሰው ለቤተሰቡም ለሃይማኖቱም ገይራ አለው ይባላል። የእኛ አማርኛ ግን መጥፎውን ልጅ ቤት አስገብቶ ደጉን ደጅ አሳደረው። «ቀናኢ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት የተረፈች። እሷም ዜናና ስብከት ላይ ካልሆነ አትሰማም። «ለአገሩ ቀናኢ ነው» ይባላል። «ለሥራዋ ቀናኢ ናት» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማችሁ?

ከሐዋርያት አንዱ ስምዖን ነው። በሉቃስ ወንጌል «ቀናተኛ» ይባላል። የዛሬ ልጅ ይህን ቢያነብ ሐዋርያው ሚስቱን የሚጠራጠር ሰው ሊመስለው ይችላል። ያ ግን ለሕጉና ለወገኑ የሚነድ ሰው ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ «ቀነናዊ» ተብሏል። ብዙ ሰው ከከነዓን የመጣ ይመስለዋል። ቃሉ ያው የሴም ቀ፣ ነ፣ አ ነው፤ ቀናኢው ማለት ነው።

አንድ ነገር ላክል፤ ፊደል ለሚወድ ሰው ነው። በግእዝ «ቅናት» ተብሎ ያለ አ የሚጻፈው ሌላ ቃል ነው። እሱ መታጠቂያ ነው። ሥሩ «ቀነተ» ነው፤ የእናቶቻችን መቀነት ከዚያ ነው የመጣው። አማርኛ መሐል ያለውን አ ሲውጠው መታጠቂያውና መቃጠሉ አንድ ድምፅ ሆኑ። ለዚህ ነው «ቅንአት» ብለን በአ መጻፉን ብንመልሰው ደስ የሚለኝ። አጻጻፉ ብቻ ደጉን ልጅ ከመጥፎው ለመለየት ሊረዳን ይችላል።

አሁን ወደ መንዙማው።

የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ሐይቅ አጠገብ አክስቴ ቤት የመውሊድ ሌሊት አሳልፌያለሁ። እኔ የክርስቲያን ቤት ልጅ ነኝ፤ አክስቴ የገባችው እስላም ቤት ነው። ወሎ ላይ ይሄ ወሬ አይደለም። እጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እያለፈ ነው። አንድ ሽማግሌ ድቤውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፍሙ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቆዳውን ወደ እሳቱ ያዞሩታል። ትንሽ ይቆያሉ። በአንድ ጣት መታ ያደርጉትና ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። «ገና ነው» ይላሉ። እንደገና ያዞሩታል። ቆዳው ብርድ ሲነካው ይላላል፣ ድምፁ ይሞታል። ሲሞቅ ነው የሚወጠረው። እኔ ተቻኩዬ «አይበቃም ወይ?» ስላቸው «አብሽር፣ ድቤ ሳይሞቅ ሰው አይሞቅም» አሉኝ።

ከዚያ ተጀመረ። መሪው ብቻውን፣ በዝግታ። ተቀባዩ ይመልሳል። ጭብጨባው ገባ። መጀመሪያ ጣት ለጣት፣ ቀጥሎ መዳፍ ለመዳፍ። የመሪው አንገት ሥር ተገተረ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ዓይኑ ተከድኗል። እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከሴቶቹ ጋር ታጨበጭባለች። ከበር በኩል አንድ ሰው «ሞቀ!» ብሎ ጮኸ።

ሞቀ። እዩት እንግዲህ። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል ሲፈልግ የሚሄደው ወደ እሳት ነው። ጭፈራው ሞቀ እንላለን። የጋለ ስሜት እንላለን፤ ብረት እንደሚግል። በነገሩ ነደደ፣ ተቃጠለ፣ ደሙ ፈላ እንላለን። ስሜቱ ሲያልፍ በረደ፣ ቀዘቀዘ እንላለን። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ ነገሩ ያው ነው። ዝማሜው በመቋሚያ በዝግታ ይጀምራል። መረግዱ ይከተላል። ጽፋቱ ሲመጣ ከበሮውና ጭብጨባው ተፋጥኖ ቆማችሁ የምትቀሩ አይመስላችሁም። ላሊበላ ገና ዕለት ማሜ ጋራ ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል የቆመ ሰው የምለውን ያውቀዋል።

የዚያ ሌሊት ቃላት ደግሞ ብዙ ናቸው። ስብስቡ ሐድራ ይባላል፤ ዐረብኛው «መገኘት» ነው። የተገኘው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ናፍቆቱ ሸውቅ ነው። አፍቃሪው ሙሒብ ነው። መንዙማ ራሱ «ነዘመ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ዶቃን በክር ሰካ፣ ደረደረ ማለት ነው። በግእዙ በኩል ደግሞ ተመስጦ አለን። «መሰጠ» ነጠቀ ማለት ነው። ያው ግስ ለነጣቂ ተኩላም ይነገራል። የተመሰጠ ሰው እንግዲህ የተነጠቀ ሰው ነው፤ አጠገባችሁ ተቀምጦ የለም። ይህን ሁሉ ቃል የያዘ ሕዝብ ነው «ስሜቱ ባህላችሁ ውስጥ የለም» የተባለው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱን አሠልጣኙ ላይ ብቻ መጣል አልፈልግም። እሱ የተሰጠውን ነው ያነበበው። ቃላቱን የጣልናቸው እኛው ነን። አማተር የሚለውን ውሰዱ። ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መሠረቱ ላቲን ሆኖ አፍቃሪ ማለት ነው። ሥራውን ስለወደደው ብቻ የሚሠራ ሰው። ወሎ ላሊበላ ኪነትን ያስታወሰ ሰው ፍቅር መድረክ ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ዛሬ ግን «አማተር ነው» ስንል ገና ያልበሰለ ማለታችን ነው። ጀዝባም እንደዚያ ይመስለኛል። በዐረብኛ «ጀዝባ» መሳብ ነው። ሱፊዎች ፈጣሪ ወደራሱ የሳበውን ሰው የሚገልጹበት ቃል ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ጀዝባ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ቃል እንዴት ይነሣል? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም ይነካኛል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሊቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ሳይጨርሱ አለፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተረክበው ዕድሜያቸውን ሰጡት። ታትሞ ሳያዩት እሳቸውም አለፉ። የእሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ አደራውን ይዘው ዳር አደረሱትና በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። ሁለቱ የድካማቸውን ፍሬ አላዩም። ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን ቃል ስጡን ብትሉኝ ቅንአት እላለሁ። ቀናኢያን ነበሩ።

እና ምን እንድታደርጉ ነው የምለምናችሁ?

በጀት አልጠይቅም። ትልቅ ጉባኤም አይደለም የምፈልገው፤ ባነርና የውሎ አበል ቃል አያድንም። መጀመሪያ የሥልጠና ጽሑፍ ስታዘጋጁ «በአማርኛ ቃል የለውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ አታትሙ። ከማለታችሁ በፊት አንድ የመንዙማ መሪ፣ አንድ የቅኔ መምህር፣ አንዲት ስፌት የምትሰፋ እናት ጠይቁ። ጠይቃችሁ ካጣችሁት የፈረንጁን ቃል በፊደላችን ጻፉት፤ በዚያ ቅር አልሰኝም። አማርኛ ስንቱን ተውሶ አሳምሮታል። ቅር የሚለኝ ሳይፈለግ የለም ሲባል ነው።

ለመምህራን ባልደረቦቼ ደግሞ ይህን እላለሁ። ተማሪዎቻችን ሁሉ ስልክ አላቸው። መቅረጫ ነው። የቤት ሥራ ስንሰጥ አንድ ቀን «አያትህ ሥራ በጣም የሚወድ ሰው ምን ብለው ይጠራሉ? ጠይቅና ቅረጽ» እንበላቸው። እኔ ባለፈው ወር አንድ ክፍል ላይ ሞከርኩት። «ነፍሱ ነው» መጣ። «ልቡ ቆሞለታል» መጣ። አንዷ ልጅ ሸማኔ አጎቷን ጠይቃ የመጣችው መልስ ግን አስደነገጠኝ። «ድርና ማጉ አንድ የሆነለት ሰው» ብለዋታል። ይህን የትኛውም መዝገበ ቃላት ላይ አላገኘሁትም። ሰውየውን ያልጠየቀ ሰው ከየት ያገኘዋል? የእሳቸው ዘመን ሰዎች እያለቁ ነው። ሁለት ቀብር ባለፉት ሦስት ወራት ሄጃለሁ፤ ሁለቱም ልጠይቃቸው ያሰብኳቸው ሰዎች ነበሩ። አልደረስኩም።

የመምህርቷን አባት ግን ደረስኩባቸው። በዚያ ሰሞን እሁድ ቤታቸው ይዛኝ ሄደች። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ። ያንኑ ጥያቄዋን ለራሳቸው አቀረበችላቸው። «አባባ፣ በእግርዎ ጀማ ንጉሥ የሚያስኬድዎት ነገር ስሙ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡ። «እኔ እንጃ ልጄ፣ እኛ ‹ያዘኝ› ነው የምንለው» አሉ። «ሲይዝህ ትሄዳለህ። ሲለቅህ ትመለሳለህ።» ያዘኝ። ግሪኩም፣ ግእዙም፣ ዐረብኛውም ሲዞሩበት የነበረው ነገር በሦስት ፊደል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሥልጠናው ላይ የጻፍኩትን ገጽ ደግሞ በአንድ መስመር ሰረዝኩት።

ዘንድሮ ለመውሊድ አብሬያቸው ልሄድ ቀጠሮ ይዣለሁ። መንገድ ላይ ብዙ ያወራሉ ብላኛለች ልጃቸው። ከጽሕፈት ቤታችሁ ጥሩ መቅረጫ ያለው አንድ ሰው ቢመጣ ደስ ይለናል። የኔ ስልክ ባትሪው ግማሽ ቀን አያደርስም። ስንቅ አያስፈልገውም፣ ጫማው ግን ጠንካራ ይሁን። ከደሴ የምንነሣው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር
ደሴ፣ ወሎ